ካውያዬን ያዩ የነበሩት ደራሲ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ፎርም ለመሙላትና ለእናቴ ደብዳቤ ለመላክ ብቻ ነው። ደብዳቤዬም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ናችሁ ወይ ይላል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ከእኔ ብዙ አይጠብቅ። የምጽፈው መጻፍ ችዬ ሳይሆን አፍ አውጥቼ መናገር ስለሚያቅተኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ። ባልሆን ኖሮ ደግሞ ይህ የምጽፈው ነገር ራሱ አይደርስም ነበር።

ባለፈው ወር ማዳም ኦዴት ሞቱ። የነገረችኝ ልጃቸው ክሌር ናት። ሥራ ላይ እያለሁ ኮል አድርጋልኝ ነበር፤ በእረፍቴ ሰዓት መልሼ ደወልኩላት።

"ሙሉ፣ እናቴ አረፈች። ሁለት ሳምንት ሆናት" አለችኝ።

ቀብሩ የት እንደ ነበር ጠየቅኳት። ቀብር አልነበረም። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ በትንሽ ሣጥን ወደ ፈረንሳይ ተልኳል። ማዳም ኦዴት ዳላስ ከገቡበት ቀን ጀምሮ አገራቸው ለመመለስ ሲታገሉ ነበር። በመጨረሻ የተመለሱት በሣጥን ነው። እኔ ስልኩን ይዤ ከምሠራበት ቦታ ዕቃ መጫኛ አጠገብ ቆምኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን የማለቅስበት መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ያገናኘችን ታላቅ እህቴ ሰናይት ናት። ያኔ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር ትገፋ ነበር። አንድ ቀን ከፓሪስ የመጡ ቀጭን አሮጊት ደረሷት። እሷ ደግሞ ስትገፋ ትፈጥናለች።

"እኔ ሻንጣ አይደለሁም፤ ቀስ በይ!" አሏት።

ሰናይት ስቃ ቀስ አለች። ውጭ ትጠብቃቸው የነበረችው ልጃቸው ክሌር ሁለቱ ሲሳሳቁ አይታ፣ እናቷን ቀን ቀን የሚይዝላት ሴት ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። እኔ አሜሪካ ከገባሁ ገና አራት ወሬ ነበር። ሰናይት፣ "እህት አለችኝ፤ አትናገርም፣ ሥራ ግን ትችላለች" ብላ አስቀጠረችኝ።

ጊዜው የእኛ ሚሊኒየም በተከበረ በዓመቱ ነው። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ባለቤቶቻቸው የባንክ ዕዳ አቅቷቸው የለቀቋቸው ቤቶች በየመንገዱ ነበሩ፤ ሣራቸው ጉልበት ድረስ አድጎ ነበር። የክሌር ቤት ከእንዲህ ዓይነት ሁለት ቤቶች መሐል ነበር። ማዳም ኦዴት ሳሎን መስኮት ዘንድ ተቀምጠው ያልተለኮሰ ሲጋራ ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ክሌር ማጨስ ከልክላቸዋለች። መነጽራቸው ሁልጊዜ ግንባራቸው ላይ ነው። "ለጌጥ ነው" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ዓይናቸው መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ነበር የሚያየው። የሰው ፊት አይለዩም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ያያሉ። ማሽተት ካቆሙ ደግሞ ዓመታት ሆኗቸዋል። ፓሪስ ብቻቸውን ሲኖሩ ጋዝ ከፍተው ረስተው፣ ሽታውም ሳይሰማቸው ቀርቶ፣ ጎረቤት ነው በር ሰብሮ ያወጣቸው። ክሌር ወደ ቴክሳስ ያመጣቻቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የምናወራው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እሳቸው በፈረንሳይ አፍ፣ እኔ በአራት ወር አፍ። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

ደራሲ መሆናቸውን የነገሩኝ በሁለተኛው ቀን ነው። ስምንት ልብ ወለድና አምስት የፊልም ጽሑፍ ጽፈዋል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲወጣ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ባላቸው ፊልም ሠሪ ነበሩ፤ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ባል ይቀርጻሉ።

"የእሱ ስም ፊልሙ መጀመሪያ ላይ በትልቁ ይመጣል" አሉኝ። "የእኔ ስም የሚመጣው ሰዉ ተነስቶ ኮቱን ሲለብስ ነው።"

ስለ ባላቸው ከዚህ ሌላ ሲናገሩ አልሰማሁም። ስለ ሥራቸው ግን ብዙ ይናገሩ ነበር። "ቆንጆ ዓረፍተ ነገር በርሽን ሲያንኳኳ ዝም በይው፤ ልብስሽን ሊያይልሽ የመጣ ሳይሆን የራሱን ሊያሳይሽ የመጣ ነው" ይሉኝ ነበር፤ እኔ ልጽፍ ይመስል። ሰው ሲያመሰግናቸው አይወዱም። የክሌር ባል አንድ ቀን መጽሐፋቸውን አመስግኖ ሲወጣ፣ "ሽፋኑን ነው ያነበበው" አሉ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ እናትና ልጅ ውል ሲገቡ እኔ ሾርባ እየጨለፍኩ ነበር። ማዳም ድሮ አብረዋቸው ይሠሩ ከነበሩ ሰው ልጅ ከፓሪስ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ያ ልጅ አሁን ራሱ ፊልም ያሠራል፤ አዲስ ጽሑፍ ካላቸው አንድ ጊዜ አነባለሁ ብሏል።

"እሺ" አለች ክሌር። "ከወሰደው ትመለሻለሽ። አብራሽ የምትኖር ሴት እቀጥርልሻለሁ። ካልወሰደው ግን ሌዊስቪል ያየሁልሽ ነርሲንግ ሆም ትገቢያለሽ። እየሠራሁ አንቺን መጠበቅ አልችልም።"

"አንድ ጊዜ ብቻ?"

"አንድ ጊዜ፣ እማዬ።"

ማዳም እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ክሌር ጨበጠቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ጠዋት ጠዋት የጽሕፈት መኪናቸው ዘንድ ተቀምጠው በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ ትዕይንት ይጽፋሉ፤ ከአንድ በላይ አይጽፉም። ከምሳ በኋላ "ሙሉ! ካውያ!" ብለው ይጠሩኛል። እኔ ጠረጴዛውን ዘርግቼ እተኩሳለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ጠዋት የጻፉትን በእንግሊዝኛ ይተርኩልኛል። የሚተኮስ ልብስ ሲያልቅ ያልተጨማደደ አንሶላ ያስተኩሱኛል። አሜሪካ ውስጥ አንሶላ የሚተኩስ ሰው አይቼ አላውቅም። የብቸኝነት ነው ብዬ ተኮስኩ።

በመጀመሪያው ቀን መተረክ ሲጀምሩ ካውያውን በቂጡ አቁሜ፣ እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያናግር ሥራ አይሠራም። ትንሽ ሆኜ አባቴ ሲናገሩ ጥራጥሬ መልቀሜን ከቀጠልኩ "እጅሽ የት ነው ያለው?" ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ማዳም አፋቸውን ሲከፍቱ እጄ በራሱ ይቆማል። ሲጨርሱ "እሺ" እልና እቀጥላለሁ።

እሳቸው ፊቴን አያዩም፤ ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው በዓይናቸው ዳር እጄን ነበር የሚያዩት። በዚያ ቀን ሲጨርሱ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፍ አድርገው ፈገግ አሉ። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን እየዘፈኑ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ክሌር እንደነገረችኝ እኔ ከመምጣቴ በፊት የሚጽፉትን ሁሉ አራት ቦታ ቀደው ይጥሉ ነበር፤ ቅርጫቱ በየቀኑ ይሞላል። እኔ ከመጣሁ ግን ቅርጫቱ ባዶ ሆነ።

"ምን አድርገሽላት ነው?" አለችኝ ክሌር ደስ ብሏት።

"ምንም" አልኳት። ምንም ያደረግኩ አልመሰለኝም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ብዙ አይገባኝም ነበር። ባቡር ጣቢያ ትኬት ስለምትቆርጥ ሴት ነው። ሰዎቹ ይፋቀራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ዝናብ ይዘንባል። ቆሜ ስሰማ እግሬ ይደክመኛል፤ ማታ ለሰናይት ምን ወጥ እንደምሠራ አስብ ነበር። እጄ ግን ቆሟል።

አንድ ቀን ብቻ ሌላ ነገር ተረኩ። የትኬት ቆራጯ እናት ለሰው ልብስ ተኳሽ ናቸው፤ ይሞታሉ። አስከሬኑ ጓዳ ተጋድሟል። ሳሎን ያልተተኮሰ የሰው ሸሚዝ ተከምሯል፤ ለቅዳሜ ቀጠሮ የተያዘ ነው። ልጅቷ ካውያውን ታግልና መተኮስ ትጀምራለች። ሊያለቅሱ የመጡት ጎረቤቶች መጀመሪያ ይቆጧታል። ከዚያ አንዷ ሴት ዝም ብላ ተነስታ ውኃ ትረጭላታለች። ሌላዋ ታጥፋለች። ሁሉም ይነሳሉ። ማንም አይናገርም፤ ልጅቷ ብቻ አንዴ "አንገትጌው ቀድሞ ነው፣ እማዬ እንደዚያ ነበር የምታደርገው" ትላለች።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የቤቱ ሰው ሥራ አይነካም። ያን ስሰማ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሳሎኑም ጋርላንድም ጠፉብኝ። ካውያውን በቂጡ ማቆም ረሳሁ። ስነቃ የክሌር የትራስ ልብስ ከሥሩ ጠቁሯል፣ ጭሱ ይወጣል።

እሳቸው አልሸተታቸውም። እኔ በድንጋጤ ልብሱን ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። "የልብስ ማጠቢያው ጨረሰ መሰለኝ፣ ልየው" ብዬ፣ እሳቸው ገና እየተረኩ ሳሉ ጥያቸው ወጣሁ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው እየተናገረ ጥዬ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የትራስ ልብሱን ባዶው ጎረቤት ቤት ደጃፍ ያለ በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ክሌር ስትጠይቅ "አላየሁትም" አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ቅርጫቱ ውስጥ አራት ቦታ የተቀደደ ወረቀት አገኘሁ። ፈረንሳይኛ አላነብም። ምን እንደሆነም አልጠየቅኩም። ቆሻሻውን ይዤ ወጣሁ።

ጽሑፉ ያለቀው በፀደይ ነው። ክሌር ሁለት ቀን አነበበችው። ቅዳሜ ሳሎን ስታናግራቸው እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር። እናቷን በእንግሊዝኛ ነው የምታናግረው፤ እሳቸው ሲናደዱ ብቻ ነው በፈረንሳይኛ የሚመልሱት።

"እማዬ፣ ሦስት ቦታ ዝናብ ውስጥ ቆመው ይሰነባበታሉ። አንዱ ይበቃል።"

"ሦስቱም ላይ ሙሉ ቆማለች።"

"ቆማለች ማለት ምን ማለት ነው?"

ማዳም ያን ጊዜ ነገሩን። ልጅ ሳሉ እናታቸው በሰሜን ፈረንሳይ ባለች ትንሽ ከተማ ልብስ ቤት ተኳሽ ነበሩ። አሥር ሴቶች ተደርድረው ይተኩሳሉ፤ የሚከፈላቸው በቁጥር ነው፣ ያቆመ ይጎዳል። ትንሿ ኦዴት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ተረት ትፈጥርላቸው ነበር። ታሪኩ ደካማ ሲሆን ካውያው ይሄዳል። ጥሩ ሲሆን አንድ ካውያ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን አሥሩም ቆሙ፤ የአንድ ሀብታም ሸሚዝ ተቃጠለ፤ እናታቸውም በጥፊ መቷቸው። "ደራሲ መሆኔን ያወቅኩት በዚያ ጥፊ ነው" አሉ።

"መጽሐፎቼን በሙሉ እንዲህ ነው የፈተንኳቸው" ብለው ቀጠሉ። "አፍ ይዋሻል፤ የምትተኩስ ሴት እጅ ግን አይዋሽም። ሙሉ ያልቆመችለት አንዱን ብቻ ነው። እንዲያውም ጥላኝ ወጣች። እናቴን የጻፍኩባት ትዕይንት ናት። ከሁሉ የምወዳት እሷን ነበር፤ ግን ቀደድኳት። የራስን እናት መውደድ ሌላ ነው፣ መጻፍ ሌላ ነው።"

የሻይ ማቅረቢያው እጄ ላይ ነበር። የትራስ ልብሱን ያቃጠልኩባት ትዕይንት መሆኗ ያኔ ገባኝ።

"ሙሉ ፊልም አይታ ታውቃለች?" አለች ክሌር።

"ስለማታውቅ ነው የማምናት።"

ክሌር ወደ እኔ ዞረች። "ሙሉ፣ እውነት ነው? ሁሉንም ወደድሽው?"

ሁለቱም ጠበቁኝ። ማዳም ጭንቅላታቸውን ወደ እጄ አዘንብለው ነበር። አይደለም ብል ምን እንደሚፈርስ አውቄአለሁ። አዎ ብልም ምን እንደሚፈርስ አውቄአለሁ። አንገቴን ደፍቼ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ጽሑፉ የታሸገበት ፖስታ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ለሰናይት ነገርኳት፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ትሰማኝ ነበር።

"ሶ ምን ልታደርጊ ነው?" አለችኝ።

"ልንገራቸው እንዴ?"

"አብደሻል? 'እየሰለቸኝ ነበር የቆምኩት' ልትያቸው?"

"ያችን የቀደዷትን ይመልሷት ይሆናል።"

"ማለቴ፣ አንቺ ምን አገባሽ? እስክሪፕት ነው፣ አንቺ ስድስተኛ ክፍል ነሽ። ፋየር ያደርጉሻል፣ ከዚያ እኔ ነኝ የምቀልብሽ። ዝም በይ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቆርጬ ሄድኩ። ማዳም መስኮቱ ዘንድ ነበሩ። ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"ሙሉ፣ ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር አለ?" አሉኝ በትሕትና።

"ሻይ ላፍላልዎት?" አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

"አፍዪ" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ክሌር ፖስታውን ይዛ ሄደች።

መልሱ የመጣው ሙቀቱ ከከረረ በኋላ ነው። አጭር ደብዳቤ ነበር። ክሌር ቆማ አነበበችላቸው፣ ለእኔም በእንግሊዝኛ ደገመችልኝ። ጽሑፉ የእጅ ሥራ ይታይበታል፤ ነገር ግን አንባቢን አንድም ቦታ አይዝም ይላል።

ማዳም ያልተለኮሰውን ሲጋራ ከአፋቸው አወጡ። "ልጅ ነው" አሉ። "አባቱ ቢሆን ይገባው ነበር። የሙሉ እጅ ከእሱ ዓይን ይበልጣል።" ከዚያ በራሳቸው ተነስተው ሻንጣቸውን ማዘጋጀት ጀመሩ። ክሌር ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እሳቸው አላለቀሱም። ወደ ሌዊስቪል የሄዱት አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣ የጽሕፈት መኪናቸው ጭናቸው ላይ ነበር።

እኔ ሌላ ሥራ ያዝኩ፤ እሑድ እሑድ ግን እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። እዚያ ያሉት አሮጊቶች ቴሌቪዥን ፊት ያንቀላፋሉ። ማዳም ክንዴን ይዘው በዊልቸሮቹ መሐል ያዞሩኛል።

"ይቺ የመጨረሻዋ አንባቢዬ ናት" ይሏቸዋል። "ፓሪስ ያልገባው ለእሷ ገብቷታል። አሳዪአቸው እጅሽን።"

እኔ እጄን አሳያለሁ። አንዷ አሮጊት ትስመኛለች። እኔ ከሄድኩ በኋላ ማዳም ሳምንቱን ሙሉ ስለ እኔ እንደሚያወሩ ነርሷ ነግራኛለች። መጻፍ ግን ትተዋል፤ የጽሕፈት መኪናው ላይ ፎጣ ተሸፍኖበታል። "የምጽፈውን ጽፌ ጨርሻለሁ" ይላሉ። "አንድ ሰው ደርሶታል። ይበቃል።"

አራት እሑድ ቻልኩ። በየሳምንቱ እየከበደኝ መጣ። ሰኞ ተነስቼ ሥራ ስገባ እጄን ማየት ጠላሁ። እውነቱን ቢያውቁ ይሻላል፣ ቢያንስ ያችን የእናታቸውን ትዕይንት መልሰው ይጽፏታል እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። በአምስተኛው እሑድ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብዬ ያን ቀን አፌ ተከፈተ፤ አልዘጋ አለኝ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲያናግር እጅ እንደሚቆም ነገርኳቸው። ለዝናቡም፣ ለባቡሩም፣ ለሁሉም የቆምኩት በዚያ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው። የትራስ ልብሱን፣ ማቃጠሌን፣ መደበቄን፣ በርሜሉን። ጥዬዎት የወጣሁት ያ የእናትዎ ትዕይንት ብቻ ስለያዘኝ ነው አልኳቸው። ይጻፉት፣ እኔ አንሶላ ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ሳያዘነብሉ በቀጥታ ወደ ፊቴ አዩ፤ በዚያ በጠፋው የዓይናቸው መሐል። ምንም እንደማይታያቸው አውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። እኔ ቀልሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም፣ ደረቴ ላይ የነበረው ሸክም ወርዶ ነበር። እሳቸው ደግሞ እዚያው ፊቴ ትራሱ ላይ እየኮሰሱ፣ እየኮሰሱ ሄዱ። እጃቸውን ልይዝ ስዘረጋ ብርድ ልብሱ ሥር ከተቱት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ በር ላይ ያለችው ሴት ተኝተዋል ብላ መለሰችኝ። ስለዚህ በዚያ እሑድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ያሉኝ የመጨረሻው ቃላቸው ነው፦

"ይህን የነገርሽኝ ለእኔ ብለሽ አይደለም፤ አንቺ እንዲቀልልሽ ነው። በይ፣ ቀለለሽ፤ ሂጂ።"